ስለ አራቱ የእንግሊዝኛ የመናገር ግሶች

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ሴይ፣ ቴል፣ ስፒክና ቶክ የሚባሉ አራት ግሶች አሉ። አራቱም ከአፍ ስለሚወጣ ቃል የሚነገሩ ስለ ሆኑ ተማሪዎች አንዱን በሌላው ስፍራ እያገቡ ይሳሳታሉ። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ ይማራልና ስሕተቱ ሥር ሳይሰድ በታናሽነቱ ሊታረም ይገባል።

ሴይ ማለት አለ ነው፤ የሚከተለውም የተባለው ቃል ነው። ቴል ማለት ነገረ ነው፤ የሚከተለውም ቃሉን የሰማው ሰው ነው። ሽማግሎች ይህን ልዩነት ከዳኝነት ያውቁታል። «ነገረኝ» የሚል ሰው ከባለ ነገሩ አፍ የሰማ ምስክር ነው፤ «እንዲህ አለ» ብቻ የሚል ግን ለማን እንደ ተባለ ገና ይጠየቃል።

የስሕተቱን ምንጭ መምህሩ ይወቅ። በግዕዝ ይቤለኒ፣ በአማርኛም አለኝ ስንል የሰሚው ምልክት ከግሱ መጨረሻ ይገባል። ልጁም ይህን ልማድ ይዞ «ሂ ሴድ ሚ» ይላል። እንግሊዝኛ ግን ይህን አይቀበልም፤ «ሂ ሴድ ቱ ሚ» ወይም «ሂ ቶልድ ሚ» ማለት ይገባል። ስለዚህ ሴይ ሰሚን የሚያስከትለው ቱ የምትባለው ቃል በመካከል ስትገባ ነው፤ ቴል ግን እርስዋን አይሻም። ዳግመኛም እውነትን፣ ሐሰትንና ተረትን መናገር ሰሚው ባይጠራም በቴል ይነገራል፤ «ቴል ዘ ትሩዝ» እንዲሉ።

ስፒክ ማለት ተናገረ፣ ቶክ ማለት ተነጋገረ ወይም ተጨዋወተ ነው። ሹም በጉባኤ ፊት ቆሞ ንግግር ሲያደርግ ስፒክ ይባላል፤ ሁለት ጎረቤቶች ስለ ዝናብና ስለ እርሻ ሲጨዋወቱ ቶክ ይባላል። የቋንቋ ስም ሲከተል ግን የሚገባው ስፒክ ነው፤ ይኸውም «አይ ስፒክ ኢንግሊሽ» እንደ ማለት ነው።

መልመጃ። መምህሩ እነዚህን አራት ዐረፍተ ነገሮች በሰሌዳ ይጻፍ፤ «አባቴ ደክሞኛል አለ»፣ «አባቴ ነገረኝ»፣ «አባቴ በስብሰባ ተናገረ»፣ «አባቴ ከጎረቤቱ ጋር ተጨዋወተ»። ተማሪዎቹ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ግስ መርጠው ምክንያቱን ያስረዱ። ግሱን ብቻ ጠርቶ ምክንያቱን ያላስረዳ ልጅ ትምህርቱን ገና አልያዘምና ይደገምለት።