የዓሣ ሕይወት፤ ስለ ደሙ ዝውውር፣ ስለ አተነፋፈሱና ስለ መዋለዱ

በዕለተ ሐሙስ ከውኃ የተገኙትን ፍጥረታት መምህራኖቻችን በደመ ነፍስ ሕያዋን ይሏቸዋል፤ ሕይወታቸው በደማቸው ነውና። ዓሣም ከእነዚህ አንዱ ነው። ስሙን በቅዱሳት መጻሕፍት ዘወትር እናነባለን፤ ነገር ግን ደሙ እንዴት እንደሚዘዋወር፣ በውኃ ውስጥ እንዴት እንደሚተነፍስና እንዴት እንደሚዋለድ የምንመረምር ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ይህንን በአጭሩ እንገልጻለን፤ ዕውቀቱ ለሥራም የሚያስፈልግ መሆኑን በፍጻሜው እናሳያለን።

የሰሜን ሸዋ ምድር የሁለት ታላላቅ ወንዞች ውኃ መለያያ ነው። በደብረ ብርሃን የሚያልፈው በሬሳ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ይገባል፤ ከአንኮበር ገደል ወደ ምሥራቅ የሚወርዱት ጅረቶች ግን ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። ቆሮሶና፣ ቅርፊት ስለሌለው ብዙ ምእመናን የማይመገቡት አምባዛ፣ በዓባይም በአዋሽም ተፋሰስ የሚገኙ ዓሦች ናቸው።

የሰው ልብ አራት ክፍል ሲኖረው የዓሣ ልብ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት፤ አንደኛው ደም ይቀበላል፣ ሁለተኛው ይገፋል። ኦክሲጅን የጎደለው ደም ከልብ ወጥቶ በመጀመሪያ ወደ ስንጥብ ይሄዳል፤ በዚያም ከታደሰ በኋላ ወደ ልብ ሳይመለስ በቀጥታ ወደ መላው ሰውነት ይሠራጫል። በሰው ግን ደም በሳንባ ከታደሰ በኋላ እንደገና ወደ ልብ ተመልሶ ይገፋል።

አንድ ሊትር አየር 210 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፣ በአንድ ሊትር የወንዝ ውኃ ውስጥ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ 10 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። ዓሣ ከዚህ ጥቂት የሚበቃውን የሚያገኘው በስንጥቡ ነው። ውኃውን በአፉ ይስባል፣ እንደ ሚዶ ጥርስ በተደረደሩት ቀጫጭን ስንጥቦች መካከል ያሳልፋል፣ በክዳናቸውም ሥር ያስወጣል። ደሙና ውኃው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚፈስሱ ውኃው ከያዘው ኦክሲጅን አብዛኛው ወደ ደሙ ይገባል። አምባዛ ደግሞ ከስንጥቡ በላይ ከአየር የሚተነፍስበት ሌላ ብልት ስላለው በደፈረሰና ኦክሲጅን ባነሰበት ውኃ እንኳ ይኖራል።

ስለ መዋለድ ያየን እንደ ሆነ፣ የብዙዎቹ ዓሦች እንስት እንቁላሏን በውኃ ውስጥ ትጥላለች፤ ወንዱም ዘሩን በላዩ ያፈስሳል። አምባዛ ዝናም ሲበረታ ጎርፍ ወደ ሸፈነው ዳርቻ ወጥቶ ይራባል። እንስቲቱ ቆሮሶ ግን እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች፤ ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ አደጋ ሲመጣ ወደ አፏ ተመልሰው ይሸሸጋሉ። ከጣና ሐይቅ ነጭ ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በዚያ ወራት በወንዞቹ አፍ መረብ ስለሚዘረጋ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ቍጥራቸው ከግማሽ በላይ መቀነሱ ታውቋል።

እንግዲህ የዓሣን አኗኗር ያወቀ ሰው አጥፊ የሆነውን አጠማመድ ይለያል። ይኸውም ሁለት ነው። አንደኛው የብርብራን ፍሬ ወቅጦ በወንዝ መበተን ነው፤ መርዙ በስንጥብ በኩል ወደ ደም ገብቶ ሰውነት ኦክሲጅኑን እንዳይጠቀምበት ስለሚከለክል ትልቁንም ትንሹንም፣ የሚፈለገውንም የማይፈለገውንም በአንድነት ይገድላል። ሁለተኛው ዓሣው ሊራባ በሚወጣበት ወራት መንገዱን በመረብ መዝጋት ነው፤ በአንዲት እናት ሆድ ያለው የብዙ ዓመት ምግብ አብሮ ይጠፋልና።

በኦሪት ዘዳግም የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከልጆቿ ጋር እንዳይወስድ ታዝዟል። ይህ ሥርዓት ለዓሣም የሚስማማ ነው እንላለን። ስለዚህ በወንዝ ዳር ያሉ አጥቢያዎች ካህናት፣ ክረምት ሳይገባ ይህንን ለምእመናን ቢያስተምሩ፣ አጥማጁ ዛሬ ከሚያገኘው ጥቂት ቢቀርበትም ልጆቹ ነገ የሚያጠምዱት አይጠፋም።