«ለራስ ነው ወይስ ለወጥ?»፦ ለደንበኛ ስለሚነገር የጥቅም ቃል



የንግድ ሥራ ትምህርት ለማስተማር ከሚዘጋጁት ብዙዎቹ «ቫሊዩ ፕሮፖዚሽን» ከሚባለው ርእስ ላይ ሲደርሱ ትርጉሙን ከመጽሐፍ ወደ ሰሌዳው ገልብጠው ያልፉታል። ተማሪውም እንደዚያው ገልብጦ በፈተና ይመልሰዋል። ታዲያ ይህ ተማሪ ነገ ሱቅ ቢከፍት ምን ብሎ ይሸጣል? ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ነገሩን «የጥቅም ቃል» እያልን እንጠራዋለን። ይኸውም አንድ ዕቃ ወይም አገልግሎት ለየትኛው ሰው እንደ ተሠራ፣ የትኛውን ችግሩን እንደሚያቃልልለት፣ ዛሬ ከሚጠቀምበት ዘዴም በምን እንደሚሻል ባጭሩ የሚነገር ቃል ማለት ነው። የተሻለ ስም ያገኘ ይጻፍልን፤ በስሙ አንጣላም።

ነገሩ ከውጭ የመጣ ዕውቀት ይምሰል እንጂ ገበያችን ድሮም ያውቀዋል። ቅቤ ተራ ሂዱና ተመልከቱ። ብልኋ ሻጭ ቅቤዋን ከማወደስዋ በፊት «ለራስ ነው ወይስ ለወጥ?» ብላ ትጠይቃለች። ለራስ ነው ካሏት ለጋውን ታወጣለች፤ ሽታው አልበረታም፣ ፀጉር ላይ ቢውል አያስቀይምም። ለወጥ ከሆነ ግን በሳሉን ታቀርባለች፤ ጥቂቱ ድስቱን እንደሚያጣፍጠው ትናገራለች። ልብ በሉ! ለአንዷ ገዢ ነውር የሆነው ሽታ ለሌላዋ ገዢ ሙያ ነው። ሻጯ ስለ ቅቤው ሁሉን ነገር አልዘረዘረችም፤ የጠየቀችው ስለ ገዢዋ ነው፣ የተናገረችውም ከመልሱ ተነሥታ ነው።

የኛ ተማሪዎች ግን የጥቅም ቃል ጻፉ ሲባሉ «ምርታችን ጥራት ያለው፣ ዋጋው ተመጣጣኝ፣ ለሁሉም የኅብረተሰብ ክፍል የሚስማማ ነው» ብለው ይጽፋሉ። ይህ ዐረፍተ ነገር ለሳሙናም ይሆናል፣ ለጫማም ይሆናል፣ ለቆርቆሮም ይሆናል። እንግዲህ ለምንም አልሆነም ማለት ነው። መምህሩ በክፍል ውስጥ አንድ ቀላል መፈተኛ ሊጠቀም ይችላል፦ የምርቱን ስም አውጥቶ በቦታው የተፎካካሪውን ስም ይተካ። ቃሉ ሳይናጋ ከቆመ ገና አልተጻፈም።

አሁን ወደ አንድ እውነተኛ ታሪክ እንለፍ። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ የሆነ ነው፤ ለክፍል ትምህርት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በአውሮፓ አቆጣጠር 2005 ዓ.ም. ቮዳፎን የተባለው የእንግሊዝ የስልክ ኩባንያና የኬንያው ሳፋሪኮም ከእንግሊዝ መንግሥት የልማት ርዳታ ድጋፍ አግኝተው አንድ ሙከራ ጀመሩ። ሐሳቡ ከትንንሽ ብድር ጋር የተያያዘ ነበር። አነስተኛ ብድር የወሰዱ ሰዎች ክፍያቸውን በእጅ ስልክ እንዲፈጽሙ ነው የታሰበው። ስሙ ኤም-ፔሳ ተባለ፤ «ፔሳ» በስዋሂሊ ገንዘብ ነው፣ «ኤም» የሞባይል ምልክት ነው። በወረቀት ሲታይ ነገሩ ያማረ ነበር። ሙከራው ከጥቂት መቶ በማይበልጡ ተበዳሪዎች ላይ ሲካሄድ ግን ሰዎቹ ካልታሰበው መንገድ ሄዱ። አንዱ የሌላውን ብድር ከፈለለት። ነጋዴው የቀኑን ሽያጭ በኪሱ ይዞ ከማደር ስልኩ ውስጥ አሳደረው። መንገደኛው ከመነሻው ገንዘቡን አስገብቶ ከመድረሻው አወጣው። ሌላውም የአየር ሰዓት እየገዛ ገጠር ላሉ ዘመዶቹ ላከ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የሙከራው ሠራተኞች «እናንተ ሰዎች አልገባችሁም፣ ይህ ለብድር ነው የተሠራው» ብለው ሊከራከሩ ይችሉ ነበር። ስንት ድርጅት እንዲህ አድርጎ ቀርቷል! እነርሱ ግን የተደረገውን ተመለከቱና የብድሩን ነገር ወደ ጎን ተዉት። በመጋቢት 2007 (በአውሮፓ አቆጣጠር) አገልግሎቱ በመላ ኬንያ ሲከፈት የቀረበው ቃል «ገንዘብ ወደ ቤት ላክ» የሚል ነበር። በቃ። ስለ ቴክኖሎጂው አንዳች አልተነገረም።

ለምን ያዘ? ቃሉ ማንን እንደሚያነጋግር እንመርምር። የሚያነጋግረው ናይሮቢ ወይም ሞምባሳ ሠርቶ የሚያድረውን፣ ሚስቱንና ልጆቹን ወይም እናቱን ገጠር የተወውን ሰው ነው። ይህ ሰው ገንዘብ የሚልከው በአውቶቡስ ድርጅት፣ በሚያውቀው መንገደኛ እጅ፣ ወይም በፖስታ ቤት በኩል ነበር። ፖስታ ቤቱ ይዘገያል፤ መንገደኛውም ሊታመን ይችላል፣ ላይታመን ይችላል። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ሊዘረፍ ይችላል። እኛም «በሰው እጅ ላክሁ» ብለን፣ ደረሰ እስኪባል ድረስ ልባችን ተንጠልጥሎ የምንቆይበትን ቀን እናውቀዋለን። «ቤት» የምትለው ቃል ይህን ሁሉ ትሸከማለች። «ዘመናዊ የክፍያ ዘዴ» ቢሉት ኖሮ ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር?

ሌላም ነገር አለ፤ ይህንን ብዙዎች ሳያዩት ያልፋሉ። ቃሉ የተነገረው ለላኪው እንጂ ለተቀባዩ አይደለም። ተቀባዩ ያልተመዘገበ ቢሆንም በመልእክት በሚደርሰው ቁጥር ገንዘቡን ማውጣት ይችል ነበር። ይሁንና ላልተመዘገበ ሰው መላክ ዋጋው ከፍ ይል ነበር፤ ለተመዘገበው ግን ለብዙው መጠን አንድ ወጥ ዋጋ፣ 30 ሺሊንግ ነበር። ስለዚህ ላኪው ራሱ «እማዬ፣ ተመዝገቢ እንጂ!» እያለ ቀስቃሽ ሆነ። ዓመቱ ሳይሞላ ተመዝጋቢው ከአንድ ሚሊዮን አለፈ።

ቃል ብቻውን ግን አይበላም። እናትየዋ ገጠር ካለው ወኪል ሱቅ ደርሳ «ዛሬ ጥሬ ገንዘብ የለም» ከተባለች «ገንዘብ ወደ ቤት ላክ» ያለው ኩባንያ ዋሸ ማለት ነው። ወኪሉ ዘወትር ገንዘብ በእጁ እንዲኖረው ማድረግ ከማስታወቂያው የከበደ ሥራ ነበር። የጥቅም ቃል የማስታወቂያ ክፍሉ ጉዳይ ብቻ ነው ብለው የሚያስተምሩ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ቃሉ ከተነገረ በኋላ ሱቁ፣ ሒሳቡ፣ የሠራተኛው አቀባበል ሁሉ በቃሉ መሠረት ካልተደራጀ ደንበኛው ሁለተኛ አይመለስም፤ ጎረቤቱንም ያስቀራል።

ይኸው ምርት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ምን እንደ ደረሰበትም መታየት አለበት። በዚያ አገር ቮዳኮም የተባለው ኩባንያ በ2010 ከፈተው፤ በ2014 ደግሞ አሻሽሎ እንደገና ጀመረው፤ በ2016 ዘጋው። ሲዘጋ በሥራ ላይ የነበሩት ተጠቃሚዎች 76 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ። ስልኩ ያው ስልክ፣ ስሙም ያው ስም ነው። ሰው ግን ሌላ ነው። በደቡብ አፍሪካ የባንክ ደብተር ያለው ሰው ከኬንያው እጅግ የበዛ ነበር፤ ታላላቅ የሸቀጥ መደብሮችም ገንዘብ ያስተላልፉ ነበር። የሚቃለል ጭንቀት በሌለበት የሚያቃልል ቃል ምን ያደርጋል? በሳሉን ቅቤ ለራስ እንደ መሸጥ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ኤም-ፔሳን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አስከተለ። ተማሪዎች በእጃቸው የያዙት ነገር ስለ ሆነ ለውይይት ይመቻል፦ አንተ የምትጠቀምበት ለምንድን ነው? እናትህስ? የሰፈራችሁ ባለ ሱቅስ? መልሱ ሦስት ዓይነት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ስለ አጠያየቅ አንድ ነገር እንጨምር። በኛ አገር «ይህን ብንሠራ ትገዛላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። ይሉኝታ አለና «ጎሽ፣ ጥሩ ነው፣ በርቱ» ይባላል፤ ሱቁ ሲከፈት ግን ማንም አይመጣም። ያለፈውን መጠየቅ ይሻላል። «ባለፈው ለቤተሰብ ገንዘብ የላኩት መቼ ነው? በማን እጅ? ስንት ወጣበት? ደረሰ እስኪባሉ ስንት ቀን ቆዩ?» እንበል። ሰው ስለ ሆነበት ነገር ሲናገር ይሉኝታው ይቀንሳል፤ የሚናገርበት ቃል ራሱም በብዙው የጥቅም ቃሉ ይሆናል። ስለዚህ በራሱ አነጋገር መጻፍ እንጂ ወደ መጽሐፍ አማርኛ መመለስ አያስፈልግም።

«እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፣ ንግድ ምኔ ነው?» የሚል ሠልጣኝ ይኖራል። ምደባው ደርሶ ገጠር ሲወርድ ግን ልጃቸውን ከትምህርት ሊያስቀሩ ያሰቡ ወላጆች ፊት መቆሙ አይቀርም። ያን ጊዜ «ትምህርት ብርሃን ነው» ብሎ ይጀምራል። እናትየዋ ይህን አልካደችም። የእሷ ጥያቄ ውኃውን ማን ይቀዳል፣ ሕፃኑን ማን ይይዛል ነው። መምህሩ መጀመሪያ የልጅቱን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ቢጠይቅ፣ ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነም የሚስማማውን ፈረቃ ይዞ ቢቀርብ፣ «የከሰዓቱን ትግባ፣ ውኃው በጠዋት ይቀዳል» ማለት ይችላል። «በገበያ የሸጣችሁትን ቁጭ ብላ ታሰላላችኋለች፣ ከጤና ጣቢያ የመጣውን ወረቀት ታነብላችኋለች» ማለትም ይችላል፤ ይህን ደግሞ በዓመቱ ውስጥ በዓይናቸው ያዩታል። «ተምራ የመንግሥት ሥራ ትይዛለች» የሚለውን ግን ይተወው። ሊፈጽመው የማይችለው ቃል ነው፤ የታላቅ ወንድሟን ያለ ሥራ መቀመጥ እያዩ ላሉ ወላጆችም ስድብ ይሆናል።

ለመጪው የማስተማር ልምምድ የሚሆን ሥራ እነሆ። በቡድን በቡድን ሆናችሁ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የእጅ መብራት ውሰዱ። ማታ ለሚያጠና ተማሪ፣ ሲመሽ በጉሊት ለምትሸጥ እናት፣ ሌሊት ከብት ለሚጠብቅ ገበሬ ለየራሳቸው አንዳንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። «ጥራት»፣ «ዘመናዊ» እና «ተመጣጣኝ» የሚሉት ቃላት ክልክል ናቸው። ከመጻፋችሁ በፊት ከሦስቱ ቢያንስ አንዱን ሰው በአካል አግኝታችሁ አነጋግሩ፤ ትናንት ማታ በምን ብርሃን እንደ ሠራ ጠይቁት። የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡለት፤ ፊቱን ተመልከቱ። ወረቀቱን በዚህ ሰሌዳ ላይ ለጥፉት፤ የሌላው ቡድን አባላትም ስሙን እየሸፈኑ ለማን እንደ ተጻፈ ይገምቱ።