የሲያትል የባሕር ሥራ ስንት ሰው ይቀጥራል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲያትል ነው። የባሕሩ ዘርፍ ስንት ሰው እንደሚቀጥር ከመንግሥት አኃዝ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ አንድ ሰንጠረዥ ግን አይበቃዎትም። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየሩብ ዓመቱ የሚያወጣው የቅጥርና የደመወዝ ቆጠራ «የባሕር ዘርፍ» የሚል መደብ የለውም። በኢንዱስትሪ መለያ ቁጥሮቹ መርከብ ግንባታን ከ3366፣ የውኃ ትራንስፖርትን ከ483፣ ዓሣ ማቀነባበርን ከ3117 እየለቀሙ መደመር አለብዎት። የግል ድርጅቶችን ብቻ ከመረጡ የብሬመርተን የባሕር ኃይል መርከብ ማደሻ ከነሠራተኞቹ ይቀራል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ በገዛ መኪናው ከወደቡ ኮንቴይነር የሚያመላልሰው ሹፌር ነው፤ በዚህ ሥራ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ቆጠራው በሥራ አጥነት መድን የተሸፈኑ ተቀጣሪዎችን ስለሚይዝ በግሉ የሚሠራውን አያየውም። ለእሱ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ሠራተኛ ስለማይቀጥሩ ንግዶች የሚያወጣውን አኃዝ፣ የጭነት መኪና ረድፉን ይመልከቱ። የወደቡን ሹፌር ለይቶ አያሳይም፣ ዘግይቶም ይወጣል፤ ቢሆንም ይህን አኃዝ ሳያዩ ድምር አይጻፉ።