አሞሌ ጨውን በውሃ አሟምቶ ስለ ማጥራት

ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በአፋር በረሓ ከሚገኘው ከአሳሌ ሐይቅ ዳር ተፈልጦ፣ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋው ሲወጣ የኖረው አሞሌ፣ በቀጥታ ከምድር የሚቈረጥ እንደ መሆኑ መጠን አፈርና አሸዋ ሳይቀላቀልበት አይገኝም። ይህንንም ቱሳሔ በእጅ ለቅሞ ወይም በወንፊት ነፍቶ ለመለየት የሚሞክር ሰው በከንቱ ይደክማል፤ የተወቀጠ ጨውና አሸዋ በቅንጣት መጠን ስለሚመሳሰሉ ወንፊት አይለያቸውምና። የሚለያቸው በውሃ ፊት የሚገለጠው ባሕርያቸው ነው።

አሸዋ በውሃ ቢበጠበጥ ግዙፍነቱን ሳይለቅ ጥቂት ጊዜ ዞሮ ይዘቅጣል፤ እንዲህ ያለው ድብልቅ ይባላል። ጨው ግን ኤሌክትሪክ ያዘሉ የሶዲየምና የክሎሪን ረቂቃን ቅንጣቶች በሥርዐት ተደርድረው የቆሙበት ነገር ስለ ሆነ፣ የውሃ ቅንጣቶች ከየአቅጣጫው ከበው አንድ በአንድ ከሰልፋቸው ያወጧቸውና በውሃው ሁሉ እኩል ይበትኗቸዋል፤ ይህም ሙሙት ይባላል። ጨው በዚህ ጊዜ ከዐይን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም፤ ግማሽ ኪሎ ንጹሕ ጨው በ2 ኪሎ ውሃ ቢሟሟ ሚዛኑ የሚያሳየው 2 ኪሎ ተኩል ነው። የማጥራቱም ጥበብ ያረፈው በዚህ ላይ ነው፤ የተሰወረውን ጨው ከአፈሩ አሻግሮ መልሶ መግለጥ።

ለሥራው ግማሽ ኪሎ አሞሌ፣ 2 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ሁለት ንጹሓን ዕቃዎች፣ ጠበቅ ብሎ የተሸመነ የታጠበ ነጭ ጨርቅ፣ እንዲሁም አፈ ሰፊ የማይዝግ ብረት ድስት ይዘጋጅ። የጨው ውሃ ተራውን ብረት ያዝጋል፣ አሉሚኒየምንም ይበላልና በእነዚህ መሥራት አይገባም።

አንደኛ፤ አሞሌው ደቅቆ ይወቀጥ። ውሃ ጨውን የሚያሟሟው ከሚነካው ገጽ ጀምሮ ስለ ሆነ፣ አንዱ ጕማጅ ወደ ብዙ ቅንጣት በተከፈለ መጠን የሚነካው ገጽ ይበዛል፣ የሚሟሟበትም ጊዜ ያጥራል።

ሁለተኛ፤ ውሃው ለብ ይበል፣ ዱቄቱም በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ይማሰል። ማማሰሉ ጨው የጠገበውን ውሃ ከቅንጣቱ አጠገብ አርቆ ያልጠገበውን ያቀርባል፤ ሙቀቱም የውሃውን ቅንጣቶች እንቅስቃሴ ያፋጥናል። ነገር ግን ሙቀት ጨውን ፈጥኖ ያሟሟል እንጂ የሚሟሟውን መጠን እምብዛም እንደማይጨምር ማወቅ ይገባል፤ 100 ግራም ቀዝቃዛ ውሃ 36 ግራም ያህል ጨው ሲያሟሟ፣ በ100 ዲግሪ የሚፈላውም ውሃ ከ39 ግራም ብዙ አያልፍም። ስኳር ግን በዚያው ውሃ በቀዝቃዛነቱ 200 ግራም ያህል፣ በመፍላቱ ጊዜ ከዚያ እጥፍ የሚበልጥ ይሟሟል። ልኩን የሞላ ሙሙት ጠገበ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመር ጨው ምንም ቢማሰል ከሥር ይቀመጣል። እዚህ የታዘዘው ውሃ ጨው ሁሉ ሳይተርፍ እንዲሟሟ ሆን ተብሎ በዛ ያለ ነው።

ሦስተኛ፤ ዕቃው ተከድኖ ሳይነቃነቅ ይደር። ጨው መሟሟቱን ለማረጋገጥ የሚሻ ሰው ትኩስ እንቁላል ይጨምርበት፤ በተራ ውሃ የሚሰጥመው እንቁላል፣ ጨው ውሃውን ስላከበደው በላይ ይንሳፈፋል።

አራተኛ፤ ሲነጋ ከላይ ያለው ጥሩ ውሃ ዝቃጩን ሳያናውጥ በቀስታ ይቀዳ፣ ከዚያም በሁለት የታጠፈ ጨርቅ ይጥለል። ጨርቁ አፈሩን ያስቀራል፤ የሟሟው ጨው ግን ከጨርቁ ቀዳዳ እጅግ የረቀቀ ስለ ሆነ ከውሃው ጋራ ያልፋል። ውሃው አሁንም ከደፈረሰ ማጥለሉ ይደገም።

አምስተኛ፤ የጠለለው ውሃ በድስት ሆኖ በመጠነኛ እሳት ይተንን። ከ2 ሊትሩ ውሃ ወደ 1 ሊትር ከሩብ ያህሉ ሲቀር ሙሙቱ ይጠግባል፤ ከዚያ ወዲያ የሚወጣው እንፋሎት ሁሉ ጨውን ትቶ ስለሚሄድ፣ ጨው ማዕዘኑ ልክ የሆነ ጥቃቅን ክሪስታል እየሠራ ይታያል። በዚህ ጊዜ የሚፈላው ጨው ስለሚፈናጠር እሳቱ ይቀነስ። ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ በሰፊ ትሪ አድርጎ ለፀሐይና ለነፋስ ቢተወው፣ ዝግታው ክሪስታሉን ያተልቀዋል።

ስድስተኛ፤ ውሃው ፈጽሞ እስኪደርቅ አይጠበቅ። በአሞሌ ውስጥ የሚገኙት መራራዎቹ የማግኒዥየም ጨዋማ ነገሮች ከገበታ ጨው ይልቅ ብዙ ስለሚሟሙ በመጨረሻው ጥቂት ውሃ ውስጥ ይከማቻሉ፤ ውሃው ሁሉ ቢደርቅ ግን ጨውን ያመርሩታል፣ እርጥበትም እንዲስብ ያደርጉታል። ስለዚህ አንድ ሲኒ ያህል ሲቀር ውሃው ይደፋ፣ ጨውም በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ፈጥኖ ይለቅለቅና በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይድረቅ።

እንዲህ የጠራው ጨው ለከብትና ለቆዳ ማድረቂያ የሚበቃ ነው። ለዘወትር ምግብ ግን አዮዲን የተጨመረበት ጨው ይመረጣል፤ ማጥራት አፈርን ያርቃል እንጂ የሌለውን አዮዲን አያመጣም፣ የአዮዲን ማነስም እንቅርት ያስከትላል፣ በማሕፀን ያለውንም ሕፃን አእምሮ ይጐዳል።

ይህንን ሥርዐት ያወቀ ሰው ሌላ ድብልቅ ሲገጥመው አስቀድሞ የሚሟሟው የትኛው እንደ ሆነ ይመርምር። አንዱ ብቻ ከሟሟ ጨርቅና እሳት ይበቁታል፤ ሁለቱም ከሟሙ እንደ ስድስተኛው ሥራ የመሟሟት መጠናቸውን ልዩነት ይከተል፤ ሁለቱም ካልሟሙ ግን ከውሃ ሌላ መለያ ይፈልግ።