«ፈረመ» እና «ተፈጸመ»
የኤሌክትሮኒክ ፊርማን ከመልእክት መለዋወጫ ጋር ስለ ማገናኘት

ውል ተጽፎ ሳይፈረም ሲቀር ነጋዴ ይጎዳል፤ ተፈርሞ ሳለም መፈረሙ ለሚመለከተው ሰው ሳይነገር ሲቀር እንዲሁ ይጎዳል። ቀድሞ ሰነዱን ተላላኪ በእጁ ይዞ ከቢሮ ወደ ቢሮ ይዞር ስለ ነበረ፣ ጉዳዩ የት እንደ ደረሰ ለማወቅ ተላላኪውን መጠየቅ ይበቃ ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ሰነድ በኢንተርኔት ይላካል፤ ፊርማውም በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ይደረጋል። ስለ መፈረሙ የሚገልጸው ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በኢሜይል ነው፤ የድርጅቱ ሠራተኞች ግን ቀኑን ሙሉ የሚነጋገሩት በቴሌግራም፣ በስላክ ወይም በማይክሮሶፍት ቲምስ ስለ ሆነ፣ ኢሜይሉ ሳይነበብ ይውላል። ሦስት ቀን ብቻ የሚጸና የዋጋ ማቅረቢያ በዚሁ ምክንያት ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል።

ስለዚህ የፊርማውን ዜና ሠራተኞቹ ወደሚነጋገሩበት ቡድን በቀጥታ እንዲመጣ ማድረግ ጠቃሚ ነው። ማገናኘቱም ከባድ አይደለም። ከባዱ ነገር የመጣው ዜና ምን ማለት እንደ ሆነ በትክክል ለይቶ ማወቅና፣ ዜናውን ከፊርማው ጋር አለማደባለቅ ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማም ይኸው ነው።

1ኛ፤ የሁለቱ ሥራ ልዩ ልዩ ስለ መሆኑ

የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አገልግሎት ውል የሚፈረምበት ጠረጴዛ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቋቋመውን ዶኪውሳይንን ለምሳሌ ያኽል እንውሰድ። አገልግሎቱ ሰነዱን «ኤንቨሎፕ» ብሎ በሚጠራው ፖስታ ውስጥ ያኖረዋል፤ ፈራሚዎቹን በየተራቸው ይጠራል፤ እያንዳንዱ ሰው ሰነዱን መቼ እንደ ከፈተው፣ መቼ እንደ ፈረመና ከየትኛው የኢንተርኔት አድራሻ እንደ ገባ ይመዘግባል፤ በመጨረሻም ይህን ሁሉ የያዘ የአፈጻጸም ምስክር ወረቀት ያዘጋጃል። የተፈጸመው ሰነድ በዲጂታል ማኅተም ስለሚታሸግ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ፊደል እንኳ ቢለወጥ መለወጡ ይታወቃል።

የመልእክት መለዋወጫው ሥራ ግን የተላላኪ ሥራ ነው። «እገሌ ፈረመ» ብሎ ያስታውቃል እንጂ የፊርማውን ማስረጃ አይዝም። ከስልክ መስታወት ላይ የተነሣ የሰነድ ፎቶግራፍም የማኅተሙ ኀይል አይተላለፍበትም።

ሆኖም በመልእክት ቡድን ውስጥ የተጻፈ ነገር ሁሉ ዋጋ ቢስ ነው ብሎ መናቅም አይገባም። በካናዳ ሀገር በሳስካችዋን ግዛት በ2021 እ.ኤ.አ. አንድ እህል ገዢ የተልባ ግዢ ውል ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ እንዲያረጋግጥለት በመጠየቅ ለአንድ ገበሬ በስልክ ላከለት። ገበሬውም የአውራ ጣት ምልክት ብቻ መለሰ። ተልባው በቀጠሮው ሳይቀርብ ቀረ፤ ዋጋውም በዚያን ጊዜ ከፍ ብሎ ነበር። ገበሬው «ምልክቱ ውሉ እንደ ደረሰኝ ለመግለጽ ነው» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን በ2023 እ.ኤ.አ. ምልክቱ ውሉን መቀበሉን ያሳያል፣ ስለ ፊርማም ይበቃል ብሎ ወደ 82,000 የካናዳ ዶላር እንዲከፍል ፈረደበት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2024 እ.ኤ.አ. ፍርዱን አጸናው።

ይህ የሌላ ሀገር ፍርድ ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1681 ውልን የመቀበል ፈቃድ በቃል፣ በጽሑፍ ወይም በተለመደ ምልክት ሊገለጽ እንደሚችል ይናገራል። እንግዲህ አደጋው በሁለት ወገን ነው፤ ያልተፈረመውን እንደ ተፈረመ መቁጠር አንዱ ሲሆን፣ ሳያስቡት በምልክት መታሰር ሁለተኛው ነው። የሁለቱም መድኃኒት አንድ ነው፤ ፊርማው በፊርማ ጠረጴዛ ብቻ ይደረግ፣ ቡድኑም ለዜና ብቻ ይሁን፤ በዚያ ቡድን ውስጥም የድርጅቱ ሰዎች እንጂ ገዢ ወይም ሻጭ አይግባበት።

2ኛ፤ ዜናው የሚሄድበት መንገድ

ዶኪውሳይን «ኮኔክት» የሚባል አገልግሎት አለው። በፖስታው ላይ አንድ ነገር በተደረገ ጊዜ፣ ኮኔክት ዜናውን ድርጅቱ ወዳስመዘገበው የኢንተርኔት አድራሻ ወዲያው ይልካል፤ ይህ አሠራር ዌብሁክ ይባላል። ለስላክና ለቲምስ አስቀድሞ የተዘጋጀ ማያያዣ ስላለ፣ በእነዚህ የሚሠራ ድርጅት አዲስ ፕሮግራም ማስጻፍ ሳያስፈልገው ሊጀምር ይችላል።

በቴሌግራም ለሚሠራ ግን መካከለኛ ያስፈልገዋል። ቴሌግራም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ቦት» የሚባሉ፣ በፕሮግራም የሚታዘዙ መልእክተኞችን ፈቅዷል። «ቦትፋዘር» ከሚባለው ሂሳብ አዲስ ቦት ሲጠየቅ፣ «ቶክን» የሚባል ረጅም ምስጢራዊ ቁልፍ ይሰጣል። በመካከል የሚቀመጠው ትንሽ ፕሮግራም ከኮኔክት የመጣውን ዜና ይቀበላል፤ አጭር የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ያደርገዋል፤ በቦቱ አማካይነትም ወደ ቡድኑ ይልከዋል። ፕሮግራሙን የኮምፒዩተር ባለሙያ ይጽፈዋል፤ ዐረፍተ ነገሩ ምን ማለት እንዳለበት መወሰን ግን የነጋዴው ተግባር ነው።

3ኛ፤ የዜናዎቹ ትርጉም

ኮኔክት የሚልካቸው ቃላት እንግሊዝኛ ስለ ሆኑ፣ በትርጉማቸው መሳሳት ቀላል ነው።

«ሴንት» ማለት ሰነዱ ተልኳል ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምንም አያረጋግጥም።

«ዴሊቨርድ» በቃሉ «ደርሷል» ማለት ይመስላል፤ በዶኪውሳይን ቋንቋ ግን ተቀባዩ ሰነዱን ከፍቶ አይቶታል ማለት ነው። አየው እንጂ አልፈረመውም።

«ኮምፕሊትድ» ማለት ተፈጸመ ማለት ነው፤ ነገር ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የአንድ ፈራሚ ድርሻ መፈጸሙን፣ ሁለተኛው የፖስታው ሁሉ መፈጸሙን ይናገራል። ውል የሚጸናው በሁለተኛው ነው።

«ዲክላይንድ» ማለት ከፈራሚዎቹ አንዱ አልፈርምም ብሏል ማለት ሲሆን፣ «ቮይድድ» ማለት ደግሞ ፖስታው ከመፈጸሙ በፊት ተሰርዟል ማለት ነው።

የዚህን ልዩነት ዋጋ በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ቡና ላኪ 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱም 60 ኪሎ፣ በጠቅላላው 19,200 ኪሎ ቡና ለጀርመን ገዢ ለመሸጥ ውል አዘጋጀ እንበል። ይህ አንድ የ20 ጫማ ኮንቴይነር የሚሞላ ጭነት ነው። በመጀመሪያ ሻጩ ፈረመ፤ ወደ ቡድኑም «ኮምፕሊትድ» የሚል ዜና መጣ። የመጋዘኑ ኀላፊ ውሉ ያለቀ መስሎት መኪናውን አስጭኖ ወደ ጅቡቲ ሸኘው። በማግሥቱ የዓለም ገበያ ዋጋ ወረደና ገዢው አልፈርምም አለ። ቡናው በመንገድ ላይ ነው፤ የመኪናው ኪራይ ተከፍሏል፤ የሚያስገድድ ውል ግን የለም። ማሽኑ አልዋሸም፤ የሻጩ ድርሻ በእርግጥ ተፈጽሞ ነበር። ጉድለቱ ዜናውን ሳይተረጉም እንዳለ ባስተላለፈው አሠራር ላይ ነው።

4ኛ፤ ዜናው እንዴት ይጻፍ

ዐረፍተ ነገሩ አንባቢው ምን ማድረግ እንዳለበት ጭምር ሊነግረው ይገባል። ለምሳሌ፤

«ውል ቁጥር 14። ከሁለት ፈራሚዎች አንዱ ፈርሟል፤ ገዢው ገና ነው። ዕቃ አይጫን።»

«ውል ቁጥር 14። ሁሉም ፈርመዋል፤ ውሉ ተፈጽሟል። ሰነዱ ከመዝገብ ይታይ።»

«ውል ቁጥር 14። ገዢው አልፈርምም ብሏል። ሥራ አስኪያጁ ይጠየቁ።»

በዜናው ውስጥ የማይገባውም አለ። ዋጋው፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥሩና ሰነዱ ራሱ ወደ ቡድን አይላኩ። ከሁሉ ይልቅ የመፈረሚያው ማስፈንጠሪያ ወደ ቡድን አይለጠፍ፤ ተጨማሪ የማንነት ማረጋገጫ ካልተደረገ በቀር፣ ያን የከፈተ ሁሉ በሌላው ሰው ስም ሊፈርም ይችላልና።

ሰዓትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኮኔክት ሰዓቱን የሚጽፈው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል። በዜናው 14:00 ተብሎ የተጻፈው በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 17:00፣ በሀገራችን አነጋገር ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ይህ ካልተለወጠ የውል ጊዜ ማለቂያ ላይ ክርክር ያስነሣል፤ ስለዚህ ቀኑና ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተለውጦ እንዲጻፍ ለባለሙያው አስቀድሞ ይነገረው።

5ኛ፤ ስለ ጥበቃ

የቦቱ ቶክን እንደ ድርጅቱ ማኅተም ይጠበቅ። ቶክኑን ያገኘ ሰው በቦቱ ስም «ሁሉም ፈርመዋል» ብሎ ሐሰት ሊጽፍ ይችላል። ከእጅ ወጥቷል ተብሎ በተጠረጠረ ጊዜ በቦትፋዘር በኩል ወዲያው ተሰርዞ በአዲስ ይተካ። በስላክ ዜና የሚቀበለው የዌብሁክ አድራሻም እንዲሁ ምስጢር ነው።

መካከለኛው ፕሮግራምም የመጣለትን ሁሉ አይመን። ኮኔክት በላከው ዜና ላይ «ኤችማክ» የሚባል፣ በጋራ ምስጢራዊ ቁልፍ የተሠራ ምልክት ሊያኖር ይችላል። ፕሮግራሙ በያዘው ቁልፍ ሂሳቡን ሠርቶ፣ ምልክቱ ካልተስማማ ዜናውን ይጣለው።

የቴሌግራም ቡድን ከላኪ እስከ ተቀባይ ብቻ በተዘጋ ምስጢር የሚጠበቅ አይደለም፤ ያ ዓይነት ጥበቃ ሁለት ሰዎች ብቻ በሚነጋገሩበት «ምስጢራዊ ውይይት» ውስጥ ነው። ሥራ የለቀቀ ሠራተኛም በለቀቀበት ቀን ከቡድኑ ይውጣ።

ሥራ አስኪያጁ ለጸሓፊው ስልኩን ሰጥቶ «አንተው ፈርምልኝ» ማለቱ ሊለመድ አይገባውም። መዝገቡ ፈራሚው ሥራ አስኪያጁ ነው ብሎ ይመሰክራል፤ እጁ ግን የጸሓፊው ነው። ክርክር በተነሣ ጊዜ ድርጅቱም ጸሓፊውም ይጎዳሉ። ጸሓፊው እንዲፈርም ከተፈለገ በሕጋዊ ውክልና በገዛ ስሙ ይፈርም።

6ኛ፤ ስለ ሕጉ

በኢትዮጵያ ስለ ኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010፣ ስለ ኤሌክትሮኒክ ግብይትም አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥተዋል። ነጋዴ በኤሌክትሮኒክ መንገድ መዋዋሉ ከሕግ ውጭ አይደለም። ነገር ግን ሰነድ ሁሉ እኩል አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው ክፍል ፊት እንዲደረግ፣ በቁጥር 1727ም በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ የሚያስገድደው ውል በሁለት ምስክሮች ፊት እንዲረጋገጥ ያዝዛል። ስለዚህ ድርጅቱ ሰነዶቹን በሦስት ከፍሎ ዝርዝር ያዘጋጅ፤ በኤሌክትሮኒክ የሚፈረሙ፣ በወረቀት ብቻ የሚፈረሙ፣ የሕግ ባለሙያ ሳይጠየቅ የማይፈረሙ ብሎ ይለያቸው። የውጭ ሀገር አገልግሎት ከመመረጡም በፊት፣ ፊርማው በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ምን ያኽል እንደሚያስረዳ ይጠየቅ።

7ኛ፤ የየዕለቱ ማመሳከሪያ

መብራት ይጠፋል፤ መስመርም ይቋረጣል። መካከለኛው ፕሮግራም ዜናውን መቀበሉን ካልመለሰ፣ ኮኔክት ደጋግሞ ሊልክ ይችላል፤ አንዱ ዜና ሁለት ጊዜ ሊመጣ የሚችለውም ስለዚህ ነው። ፕሮግራሙ የፖስታውን ቁጥርና የዜናውን ዓይነት መዝግቦ የተደገመውን ይተወው። ዜናውን ተቀብሎ ወደ ቡድኑ ማድረስ ቢያቅተው ግን ዜናው ጠፍቶ ይቀራልና፣ አስቀድሞ በመዝገቡ ይጻፈው።

ከዚህም ሁሉ ጋር ገንዘብ ያዥ ሂሳቡን በየቀኑ እንደሚዘጋ፣ አንድ ሠራተኛ በየማለዳው ወደ ፊርማ አገልግሎቱ ገብቶ ያልተፈጸሙትን ፖስታዎች ከቡድኑ ዜና ጋር ያመሳክር። የተፈጸመውንም ሰነድ ከአፈጻጸም ምስክር ወረቀቱ ጋር አውርዶ በድርጅቱ መዝገብ ያኑር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው ሁሉ፣ በቡድን ውስጥ ያለፈ ዜና ነገ በሌላ ዜና ይሸፈናል፤ በመዝገብ የገባ ሰነድ ግን በተፈለገ ጊዜ ይገኛል።

8ኛ፤ መለማመጃ

አሠራሩ ለእውነተኛ ውል ከመዋሉ በፊት ባዶ ሰነድ ተዘጋጅቶ በሁለት ሠራተኞች ይሞከር። በመጀመሪያ አንዱ ብቻ ይፈርም፤ ቡድኑ «ዕቃ አይጫን» የሚለውን ማየቱ ይረጋገጥ። ቀጥሎ ሁለተኛው ይፈርም። በሌላ ሰነድ ደግሞ አንዱ አልፈርምም ይበል። በመጨረሻም ፕሮግራሙ ሆነ ተብሎ ለጥቂት ጊዜ ተዘግቶ ሌላ ሰነድ ይፈረም፤ ሲከፈት ዜናው ይመጣ እንደ ሆነ፣ ባይመጣም የማለዳው ማመሳከሪያ ያገኘው እንደ ሆነ ይታይ።

ከዚህ ሙከራ በኋላ የመጋዘኑ ኀላፊ ተጠርቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠየቅ፤ «መኪናውን የምትሸኘው የትኛውን ዜና ስታይ ነው?» መልሱ «ሁሉም ፈርመዋል የሚለውን አይቼ፣ ሰነዱንም ከመዝገብ አረጋግጬ ነው» ከሆነ፣ ድርጅቱ ሥራውን ሊጀምር ይችላል።