ልጅ ምስጢሯን ስትናገር፦ የወላጅ የመጀመሪያ መልስ

የቤተሰብ ምጣኔ ልጆችን በቁጥር መወሰን ብቻ እንዳልሆነ በተደጋጋሚ ተነጋግረናል። የወለዷቸውን ሰምቶና ተረድቶ ማሳደግም አብሮ ይመጣል። ለዛሬው ትምህርታችን ምሳሌ የምናደርገው የካቶሊክ እምነት ሥር የሰደደባትን አየርላንድን ነው።

በደብሊን የሚኖር አንድ ቤተሰብ አለ እንበል። አባት አውቶቡስ ይነዳል፤ እናት ቢሮ ታጸዳለች። የእሑድ ቅዳሴ አይታለፍም። የሃያ ዓመት ልጃቸው አንድ ማታ ሳህን እያጠበች፣ «እማ፣ እኔ የምወደው ሴት ነው፤ ወንድ አላገባም» ትላለች። እናት፣ «ለአባትሽ እንዳትነግሪ» ብላ ዝም ትላለች።

እናትየዋ ልጇን ጠልታ አይደለም፤ ፈርታ ነው። ጎረቤት ምን ይላል? ካህኑስ? ልጅቷ ግን ዝምታውን «አሳፈርሽን» እንደ ማለት ትቆጥረዋለች። ቤት ተከራይታ እንዳትወጣ ደመወዟ አይበቃም።

አገሪቱ ብዙ ተለውጣለች። የወሊድ መከላከያ ሽያጭ እ.ኤ.አ. በ1935 ተከልክሎ፣ ለቤተሰብ ምጣኔ በሐኪም ትእዛዝ የተፈቀደው በ1979 በወጣ ሕግ ነው። በ2015 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔም 62 በመቶ ያህሉ ድምፅ ሰጪ ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ጥንዶች እንዲጋቡ ደግፏል። ነገር ግን በማድ ቤት ውስጥ ለልጅ የሚሰጠውን መልስ ሕግ አይወስነውም።

ብዙ ወላጆች «ምን አጥፍተን ነው?» ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዝንባሌ ከበሽታዎች ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ድርጊቱን ባይፈቅድም፣ ሰዎቹን በአክብሮትና በርኅራኄ ተቀበሉ ይላል።

መገፋት ግን ጤናን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመና በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ በተደረገ ጥናት፣ ቤተሰባቸው አጥብቆ ከገፋቸው እንዲህ ያሉ ወጣቶች መካከል ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የነበሩት፣ ብዙም ካልተገፉት እጅግ በዝተው ተገኝተዋል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ወላጆች፦

1. ተናግራ እስክትጨርስ አታቋርጧት።
2. «ልጃችን ነሽ፤ ቤቱም ቤትሽ ነው» በሏት። ይህን ለማለት እምነታችሁን መተው አያስፈልግም።
3. ምስጢሯን ሳትፈቅድ ለዘመድም ለጎረቤትም አታውሩ።
4. «ያበላሸሃት አንተ ነህ፤ አንቺ ነሽ» እየተባባላችሁ አትወቃቀሱ።
5. እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ከተወች ወይም ስለ ሞት ካወራች ብቻዋን አትተዉአት፤ ፈጥናችሁ የጤና ባለሙያ አማክሩ።

የመጀመሪያው መልስ ቢበላሽስ? ይታረማል። ያቺ እናት በማግስቱ ሻይ አፍልታ፣ «ትናንት ደንግጬ ነው፤ ነይ ተቀመጪና ንገሪኝ» ብትላት ገና አልረፈደም።