ከባሕር በራቀ ስፍራ ለአዲስ የጨዋማ ውሃ አኳሪየም ሕያው ድንጋይ መምረጥና ማዘዝ፦ የሲሬ ማሳያ

መግቢያ

በባሕር ውሃ አኳሪየም አያያዝ «ሕያው ድንጋይ» የሚባለው ከሞቱ ኮራሎች ዐፅም የተገነባ፣ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት የሆነ ቀዳዳማ አካል ነው። ሕያው የሚያሰኙት በላዩና በውስጡ የሰፈሩት ባክቴሪያዎች፣ አልጌዎች፣ ስፖንጆችና ትሎች ናቸው። ኦክሲጅን በሚደርስበት ገጽ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ከዓሣ ቆሻሻ የሚመነጨውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ኦክሲጅን በማይዘልቅበት ጥልቅ ቀዳዳ የሚኖሩት ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይመልሱታል። ስለዚህ ድንጋዩ የአኳሪየሙ ዋነኛ ማጣሪያ ነው።

ይህ ጽሑፍ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ከባኮ ቀጥላ የምትገኘውን ሲሬን እንደ ማሳያ ወስዶ፣ ለማስተማሪያ የሚሆን ባለ 200 ሊትር አኳሪየም ለማቋቋም የትኛው ድንጋይ እንደሚመረጥና ትዕዛዙ በምን ቅደም ተከተል መፈጸም እንዳለበት ይመረምራል።

የመጓጓዣና የከፍታ ተጽዕኖ

ሕያው ድንጋይ የሚጓጓዘው ብዙውን ጊዜ በውሃ ተዘፍቆ ሳይሆን በእርጥብ ወረቀት ተጠቅልሎ በካርቶን ነው። በጉዞው ላይ ስፖንጆችና ሌሎች ለስላሳ ፍጥረታት መሞት ይጀምራሉ፤ ድንጋዩ ውሃ ውስጥ ሲገባም ብስባሹ አሞኒያ ይለቃል። የባሕር ውሃ ፒኤች 8.2 አካባቢ በመሆኑ፣ ከአጠቃላዩ አሞኒያ ውስጥ መርዛማው ክፍል በፒኤች 7 ከሚኖረው ከአሥር እጥፍ በላይ ይሆናል። ከጅቡቲ ወደብ እስከ ሲሬ ያለው የየብስ መንገድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ችግሩ ይበልጥ ይከብዳል።

ሁለተኛው ተጽዕኖ ከፍታ ነው። በባሕር ወለል ደረጃ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ 6.7 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይሟሟል። ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ግን የአየር ግፊቱ ወደ 80 በመቶ ስለሚወርድ መጠኑ 5.4 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል። ብስባሽን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ኦክሲጅን ስለሚሻሙ፣ ቆላ ላይ የሚታለፍ የድንጋይ መበስበስ ደጋ ላይ ማጣሪያውን ራሱን ሊያፍን ይችላል። መብራት በሚቋረጥበት ሰዓትም የውሃ ዝውውር ስለሚቆም አደጋው ይጨምራል።

የሕግ ገደብ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የተቀላቀለችው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት (ሳይተስ) ድንጋያማ ኮራሎችን በሁለተኛው ዝርዝሩ አካቷል፤ ሕያው ድንጋይም በዚሁ ሥር ይታያል። ስለዚህ የአቅራቢው አገር የወጪ ንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል። በአገር ውስጥ ጉዳዩን የሚመለከተው አካል የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ፈቃዱ ሳይረጋገጥ ገንዘብ መክፈል ተገቢ አይደለም። ከተፈጥሮ ሪፍ የሚፈለጥ ድንጋይ የዓሣ መኖሪያን ስለሚያጠፋ፣ ባሕር ውስጥ ሆን ተብሎ ተቀምጦ ሕይወት ያበቀለ ድንጋይ ይመረጣል።

የአማራጮች ንጽጽር

በተለመደው የቆየ ስሌት ለአንድ ሊትር ውሃ ከ120 እስከ 180 ግራም ድንጋይ ይታሰባል። ይህም ለ200 ሊትር ከ24 እስከ 36 ኪሎ ግራም ነው። ሁሉንም ሕያው አድርጎ ማስመጣት ብዙ ዓይነት ሕይወት ያስገኛል፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ መበስበስን ያስከትላል፣ ተናዳፊ አኔሞንንና አዳኝ ሽሪምፕንም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ደረቅ ቀዳዳማ ድንጋይ በአንጻሩ የሚሞት ነገር ስለሌለው በመንገድ አይበላሽም፤ ጉድለቱ ባክቴሪያው እስኪሰፍርበት ጊዜ መውሰዱ ነው። የአገር ውስጥ የኖራ ድንጋይ ኮምጣጤ ሲነካው አረፋ ማውጣቱ ካርቦኔትነቱን ያሳያል እንጂ ቀዳዳማነቱን አያረጋግጥም። ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ለባክቴሪያ የሚተርፈው ገጽ አነስተኛ ነው።

የትዕዛዝ ቅደም ተከተል

ከላይ ከተነጻጸሩት አማራጮች ለሲሬ የሚስማማው ቅይጥ መንገድ ነው፦ አብዛኛው ደረቅ፣ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ብቻ ሕያው።

1. በመጀመሪያ ጨው፣ መለኪያዎችና በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይሟላሉ። ለ200 ሊትር፣ በሊትር 35 ግራም ሲሰላ፣ 7 ኪሎ ግራም ጨው ያስፈልጋል።
2. ደረቁ ድንጋይ ታጥቦ ጨዋማው ውሃ ውስጥ ይቀመጣል።
3. ሕያው ድንጋዩ የሚታዘዘው ውሃው ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ሲደርስ የሞተው ክፍል ተፍቆ፣ በሌላ ዕቃ፣ በጨለማና በጠንካራ የውሃ ዝውውር ለሳምንታት ይቆያል። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሲሆኑ ወደ አኳሪየሙ ይዛወራል።
4. በአሞኒየም ክሎራይድ በሊትር እስከ 2 ሚሊግራም አሞኒያ ይጨመራል። በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከሆኑ ማጣሪያው ሥራ ጀምሯል፤ የመጀመሪያው ዓሣ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ማጠቃለያ

ከባሕር በራቀና ከፍታ ባለው ስፍራ የድንጋይ ምርጫ የውበት ጉዳይ ሳይሆን የኦክሲጅንና የአሞኒያ ሒሳብ ነው። ጥቂት ሕያው ድንጋይ እንደ እርሾ፣ ብዙ ደረቅ ድንጋይ እንደ ሊጥ ሆነው ሲጣመሩ፣ ወጪውም በሪፍ ላይ የሚደርሰው ጉዳትም ይቀንሳል። የሚጠየቀው ዋጋ የጥቂት ሳምንታት ትዕግሥት ነው።